ከሰባተኛው በር ወዲያ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ እንዳላማው፣ ደብረ ማርቆስ

ጋሽ እንዳላማው፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ቻለው? ደብዳቤዎን ሹፌሩ አንተነህ ከነአቧራው የምሠራበት ልብስ ስፌት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። እናንተ ዘንድ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰው ወደ ወረቀት መመለሱ ደስ አለኝ ብል ይቀየሙኛል? ያን የቄስ ትምህርት ቤት እጅ ጽሕፈትዎን ካየሁ ስንት ዘመኔ! ሦስት ሳምንት ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ሰሞን ስለሆነ ከማሽኑ ቀና ያልኩት ገና ትናንት ነው።

ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ። “ባለቁጥሩ” ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቷል ብለው የሰሙት እውነት ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በጠራራ ፀሐይ ብቻዬን ሲኒማ ቤት ገባሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሴትዮ ልቤ እንደ ልጅ ይመታል። መብራቱ ሲጠፋ ይጁቤ፣ አባቴ ቪዲዮ ቤት፣ እግሬ መሬት ሳይደርስ አግዳሚው ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ፊልሙን በአማርኛ ሊተርኩልን ማይክሮፎንዎን “እህም” ብለው ሲሞክሩ ልሰማ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ፊልሙ ግን እርስዎን ሳይጠብቅ ጀመረ፤ ሰዎቹም በገዛ አፋቸው ይናገሩ ጀመር። እንግዳ ቤት የገባሁ ያህል ከፋኝ።

እንግዲህ እንዳሉኝ ላወዳድርልዎት። ከተማዋ ያችው ናት፤ ሰማይዋ የተከደነ፣ ሰው በስሙ ሳይሆን በቁጥር የሚጠራባት፣ ሰባት በር ያላት። ሰውየውም ያው ባለሞተር መልእክተኛ ነው፤ ልጁን ይዞ ሰባቱን በር ሰብሮ ሊወጣ የሚነሳው። ግን የአዲሱ ጡንቻ ሸሚዙን ሊተረትረው ደርሷል፤ ሰው በገደለ ቁጥርም ይቀልዳል። የድሮው ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረው አልነበር? ሦስተኛው በር ላይ ደረቱን ይዞ ቁጭ ሲል ያ ሁሉ ገበያተኛ “አይዞህ!” ይለው ነበር። ይኸኛው የማንም አይዞህ አያስፈልገውም። በሮቹም የሚያንጸባርቅ ብርሃን ሆነዋል። የድሮዎቹ የዛጉ ብረቶች ነበሩ፤ ሲከፈቱ ጥርስ ያፋጫሉ። እኔ መቼም ዓይኔ ከልብስ ላይ አይነሳም፤ የድሮው ሰው ቁጥር ደረቱ ላይ በእጅ የተሰፋ ነበር፣ ክሩም የተንጋደደ፣ ሰው ቸኩሎ የሰፋው። የአዲሱ ቁጥር ቆዳው ሥር የሚበራ መብራት ነው። ልብሱን ደግሞ ያረጀ እንዲመስል በማሽን ቀዳደውታል፤ እኔን አያታልሉኝም።

ላለመበደል ያህል፣ የሚሻልበትም አለ። የድሮዋ ልጅ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንደታዘለች ናት። አዲሷ ትናገራለች፤ አባቷን ትሞግተዋለች፤ አምስተኛውን በር የምትከፍተውም እሷ ናት። እዚያ ላይ ሲኒማ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ያናደደኝ መጨረሻው ነው። ሰባተኛውን በር አልፈው ይወጣሉ፤ በሩ ከኋላቸው ይዘጋል፤ ፀሐይ፣ ሙዚቃ፣ አለቀ። እናትየዋስ? የሰውየው ተመልሶ በሩን መያዝስ? እንዲህ ያለውን መጨረሻ ሰው እንዴት ቆርጦ ይጥላል? ይመጣል ብዬ የሠራተኞቹ ስም ተጽፎ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። መብራት በርቶ ወለሉን የሚጠርገው ሰውዬ “እህት፣ አልቋል እኮ” አለኝ።

አራት ገጽ ጽፈውልኝ ስለ አባቴ አንዲት መስመር የለችበትም። ይጁቤን ከረገጥኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አወጣጤንም ያውቁታል። የእናቴን አንድ ፎቶ ስጠኝ ብዬ ብለምነው “የለም” ብሎኝ ወደ ጨርቅ ሱቁ ሲገባ፣ “እናቴን የረሳ እኔንም ይርሳኝ” ብዬው ነው የወጣሁት። ሞታ ወር ሳይሞላት ልብሷን ለሰው የሰጠ፣ ከዚያ ወዲህ ስሟን በአፉ ያልጠራ ሰው ነው፤ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበርና መልኳ እንኳ አልቀረልኝም። ቢሆንም አባቴ ነው። ደህና ነው ይበሉኝ።

አክባሪዎ
ቢልቂስ ሐምዱ


ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቢልቂስ ልጄ፣

በመካከላችን ያለውን በረሃና ገደል ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ውርጭ ሲሆን ያጉረመርማል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይታረቀኛል። ደብዳቤሽን ማመልከቻ የምጽፍባት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ባለጉዳይ ቆሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ “አባቴ፣ የያዙት የኔን የድንበር ጉዳይ ነው?” አለኝ። “የለም፣ የሰባት በር ጉዳይ ነው” ብለው ግራ ገብቶት ተቀመጠ።

አባትሽ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። በገበያ ቀን ይጁቤ እየወረድኩ አየዋለሁ።

ሰውየው ትንፋሽ ሲያጥረው ሕዝቡ አይዞህ ይለው የነበረው ስም ስላወጣሁለት ነው። ፊልሙ ላይ 4071 ነበር የሚባለው። ለ4071 ማን ያለቅሳል? ደምለው አልኩት፣ ሰውም ወዲያው ዘመዱ አደረገው። ያኔ እንግሊዝኛ እንደማልችል ብታውቂ ምን ትዪ ነበር? ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ከርሜ፣ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከፈረንጅ አፍ የማውቀው “የስ” እና “ኖ” ነበር። ጠላቱ ረዘም አድርጎ ሲናገር “ይሰድበዋል” ብዬ አልፋለሁ። ደምለው ሦስት ቃል ከተናገረ ግን ግማሽ ደቂቃ አስረዝምለታለሁ። የኔታ ወሬውን ሰምተው “ያን ልጅ ለሣጥን አስረከብነው” ብለው አዘኑ አሉ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የዚያ ፊልም ካሴት መጨረሻ አልነበረውም። ጋሽ ሐምዱ ገዝቶ ሲያመጣው ጀምሮ ከሰባተኛው በር ወዲያ ተሰርዟል። በሩ ሊከፈት ገርበብ ሲል ቴሌቪዥኑ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል፤ ድምፁም ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። እኔና አባትሽ “በረዶው” እንለው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሕዝቡ ገንዘባችንን መልሱ ሊል ብድግ ሲል፣ ማይክሮፎኔን ሳልለቅ “በሩ ተከፈተ! ከብርሃኑ ብዛት የተነሣ ዓይን አያይም” አልኩ። ሰው ሁሉ ተመልሶ ቁጭ አለ። በዚያ በረዶ ላይ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተረክሁ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አደረግን። ዛሬ ይጁቤ ሄደሽ ብትጠይቂ ደምለው ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ የማይልሽ የለም። የፈረሱን ቀለም ሳይቀር ይነግሩሻል።

ስለዚህ አዲሱን ፊልም አትቀየሚው። የመጀመሪያውም አሁን ባየሽው ዓይነት ያልቅ ይሆናል፤ እኔም አላየሁትም።

የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። መጨረሻውን እንደ ቀኑ ስሜቴ እለዋውጠው ነበር። አንዱን ቀን ፈረስ አመጣለታለሁ፣ አንዱን ቀን አገሩ በእልልታ ይቀበለዋል። በር ላይ እናት ማቆሜን ግን ፈጽሞ አላስታውስም። አሁን አንድ ሰው መጨረሻውን ንገረኝ እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኛል። የማውቀውን ሁሉ ብነግረው “ይኸ አይደለም” ይላል። አዲሱ ፊልም ላይ ይገኝ እንደሆን ብዬ ነው አንቺን ያስቸገርኩሽ። እባክሽ ያየሽውን ጻፊልኝ፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ።

እንዳላማው


አዲስ አበባ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ እንዳላማው፣

ሰላምታ ሳላበዛ ብጀምር አይቀየሙኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ እጄ ልክ ይስትብኛል፤ ትናንት የአንድ ልጅ ሸሚዝ ሁለቱንም እጅጌ በግራ በኩል ሰፍቼ ተገኘሁ። በረዶ ነበር ይሉኛል። እኔ አይቻለሁ። እናቴ በሞተች በሳምንቱ ነው፤ ከገንዘብ መቀበያው ሣጥን አጠገብ ተቀምጬ ነው ያየሁት። እንዲህ ነበር።

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ከዚያ ቀስ እያለ ሜዳ ይመጣል። ሣሩ ጠል ይዟል፣ ጭጋጉ ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሁለት እጇ ፀጉሯን ሲጠቀልል የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛዋለች፤ አረንጓዴ ሻሽ ነው። ዞር ትላለች። ልጅቷ ከአባቷ ጀርባ ወርዳ ትሮጣለች። እናትየዋ አትስማትም፣ አታቅፋትም፤ መጀመሪያ ተንበርክካ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቅላታለች። “ፈታ ፈታ እያለ አስቸገረሽ?” ትላታለች። ከዚያ ነው የምታቅፋት። ሰውየው ወደ እነሱ አይሄድም። ተመልሶ በሩን በእጁ ይይዛል፣ ውስጥ ያሉት እንዲወጡ። ልጅቷ “ለምን አይመጣም?” ስትል እናትየዋ “እሱ በሩን ይዞልናል፤ እጁን ከለቀቀ እንዳይዘጋ ፈርቶ ነው” ትላታለች። እዚያ ላይ ያልቃል።

ፎቶ ስለሌለኝ እናቴን ሳስብ የምትመጣልኝ ያቺ ሴትዮ ናት። አረንጓዴ ሻሽ ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር እገዛለሁ፤ ዘጠኝ አሉኝ። አሁን ካሴቱ ላይ ምንም አልነበረም ሲሉኝ ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ። ካሴቱ ላይ ከሌለች ማን አመጣት? ማነውስ መጨረሻውን የሚጠይቅዎት? ስለ አባቴ “ይከፍታል፣ ይዘጋል” ብለውኛል። ምን እንደሚከፍት አልነገሩኝም።

ቢልቂስ


ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ቢልቂስ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ጠረጴዛዬን አጥፌ ቤቴ ገባሁ፤ ሁለት ቀን ለባለጉዳይ አልጻፍኩም። ያዘገየሁት ፈርቼ ነው፤ ይቅር በይኝ።

የጻፍሽው መጨረሻ የኔ አይደለም። ቃል በቃል ሳነበው ነው የተመለሰልኝ። በዚያ ሳምንት ጉሮሮዬ አብጦ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። እስከ ሰባተኛው በር እንደምንም እያንሾካሾክሁ ደረስኩ፤ በረዶው ሲመጣ ግን አንዲት ቃል እምቢ አለችኝ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። አንቺ ከሣጥኑ አጠገብ ነበርሽ፤ ከለቅሶ ቤት ወጥተሽ ቤት አልገባም ብለሽ እዚያው ነበር የምትውዪው። አባትሽ መጋረጃውን ገልጦ ገባና ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ። በዕድሜው “ስንት ሜትር ልቁረጥ?” ከማለት ያለፈ ወሬ የማያውቅ ሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ። ማይክሮፎኑ ይቆራረጣል፣ የሱም ድምፅ በልቅሶ ሻክሯል፤ ሰው ሁሉ እኔ የታመምኩ መሰለው። ስለ ሻሹ፣ ስለ ጫማው ማሰሪያ፣ ስለዚያ ሁሉ የተናገረው እሱ ነው። እናትሽ ቀድሪያ ፀጉሯን ስታስር እንደዚያ ነበረች።

ሲጨርስ “ለልጅቷ እንዳትነግራት” ብሎ አስማለኝ። ለምን ብለው፣ “እኔ ያወራሁት ከሆነ ወሬ ይሆንባታል። አየኋት ትበል” አለኝ። ዳግመኛ አልተናገረውም። ልብሷን ለምን እንደሰጠ አላውቅም፤ ጥፋቱን ላለባብስለትም አልፈልግም። አንድ ቀን ግን አስታውሷት ነበር፣ አንቺም ሰምተሻል።

አሁን የዋሸሁሽን ልናዘዝ። መጨረሻውን የሚጠይቀኝ አባትሽ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ይረሳል። መጀመሪያ ዋጋ ረሳ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ አሁን ሰው። የወንድሙ ልጅ ሰልሰቢል ናት የምታበላው። ይከፍታል ያልኩሽም ሱቁን አይደለም፤ ያን ባዶ ቪዲዮ ቤት ነው። ጠዋት ከፍቶ ነጩን ግድግዳ ትይዩ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። በሄድኩ ቁጥር “ጀምር እንጂ” ይለኛል። ከአንደኛው በር ጀምሬ እተርክለታለሁ፤ ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ጠጋ ይላል። ፈረሱን ሳመጣ ፊቱ ይጨልማል። “ይኸ አይደለም። ሌላ ነበረ” ይለኛል። የገዛ ራሱን ነገር ከኔ ይጠይቀኛል ልጄ፣ እኔም አላውቅለትም።

ያለፈው ገበያ ደብዳቤሽን ላነብለት ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። ይህን ያወቅሽለት አንቺ ነሽና የምትነግሪውም አንቺ ነሽ። ላያውቅሽ ይችላል፤ ይህን ሳልነግርሽ ነይ ብልሽ በደል ነው። ልጅህ ነኝ አትበይው፤ ሰዎች “ይቺ እኮ እገሊት ናት” ሲሉት ይደነግጣል። አጠገቡ ተቀምጠሽ ከሰባተኛው በር ጀምሪለት። እኔ አልገኝም፤ ይህኛው የኔ ትረካ አይደለም።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። ያስማለኝ ሰው መሐላውን ቢረሳም እኔ አልረሳሁምና ዕዳው የኔ ነው።

እንዳላማው


ደጀን
ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ እንዳላማው፣

ይህን የምጽፈው ከልብስ ልክ ወረቀት በተቀደደ ቁራጭ ላይ ነው። መኪናችን ዳገቱን ወጥታ ደጀን ስትደርስ ጎማዋ ተንፍሶ ቆመናል። አንተነህ ወደ እናንተ የሚያልፍ ሚኒባስ አገኘሁ ስላለኝ እልክልዎታለሁ።

ዓባይ በረሃ ውስጥ ጭጋግ ነበር። ከኛ በታች ድልድዩ አይታይም፣ ከኛ በላይ ሰማዩ አይታይም። እንቅልፍ ይዞኝ እልም ስል የዚያ ፊልም ከተማ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ስነቃ ኬላ ነው፤ መታወቂያ፣ ፍተሻ፣ “የት ነው የምትሄጂው?” እስካሁን ስድስት ኬላ ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ “አባቴ ጋ” አልኩት፤ እንዲህ ብዬ ከተናገርኩ ስንት ዓመቴ ነው።

እፈራለሁ። “እኔንም ይርሳኝ” ብዬ ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አላህ ሰምቶብኝ ይሆን እያልኩ ነው የመጣሁት። ያቺን የአዲሱን ፊልም ልጅ አስባለሁ፤ አባቷ ቆሞ እያያት አምስተኛውን በር እሷ ስትከፍተው። ፊልሙን ብዙ አማሁልዎት፣ ግን ያቺን ልጅ አምጥቶልኛል። እሷን ባላይ ኖሮ እዚህ የምደርስ አይመስለኝም።

ጎማው ተቀየረ መሰለኝ፤ እየጠሩን ነው።

ቢልቂስ


ይጁቤ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ እንዳላማው፣ እንዴት ከረሙ?

አልመጣም ብለው በመቅረትዎ መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን አመሰግንዎታለሁ። ሰልሰቢል ሰላም ትላለች። ጉልበትዎን ይቀቡት ብላ የላከችው ቅባት ከደብዳቤው ጋር ነው።

መጥፎውን ላስቀድም፣ ኋላ እንዳያዝኑብኝ። አባቴ አልዳነም። ዛሬ ጠዋት ቁርሱን ሳቀርብለት “አንች የማን ነሽ?” ብሎኛል። ነገም ይለኛል። ሰውነቱም አልቋል፣ ኮቱ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ማታ ማታ በልኩ እያጠበብኩለት ነው። ለአሠሪዬ እስከ የካቲት አልመለስም ብዬ ልኬያለሁ። ከሥራ ብታስወጣኝም እዚህ ዩኒፎርም የሚለብስ ልጅ አይጠፋም።

የመጣሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ እንዳሉኝ አደረግሁ። ቪዲዮ ቤቱ ክፍት ነበር። ግድግዳው ልክ እንደ ያኔው ነጭ ነው፣ በበሩ የምትገባው ፀሐይም አቧራውን ታሳያለች። አረንጓዴ ሻሽ አድርጌ ነበር፣ ከዘጠኙ አንዱን። ከሚወዛወዘው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበርና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዞር ብሎ አየኝ።

“ትኬት ቆርጠሻል?” አለኝ።

“ቆርጫለሁ” አልኩት። ይሳቁብኝ እንጂ ጋሽ እንዳላማው፣ የዚያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ።

“ቢሆንም እያለቀ ነው” አለኝ። “ሰባተኛው በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ይጠፋበታል ያ ልጅ።” ያ ልጅ እርስዎ ነዎት።

“እኔ አይቼዋለሁ” አልኩት። “ልንገርህ?”

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ብርሃኑን ነገርኩት። ሜዳውን፣ ጠሉን፣ ጭጋጉን። አንድም ጊዜ ይኸ አይደለም አላለኝም። ትንፋሹ ሲፈጥን ይሰማኛል። “አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች” አልኩ። “ፀጉሯን እያሰረች ነው። የአረንጓዴ ሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ…”

እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

“ቢጫ ነው” አለ።

ሃያ ስምንት ዓመት አረንጓዴ ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝና እልህ ያዘኝ። “አረንጓዴ ነው” አልኩት።

“ቢጫ ነው አልኩሽ” አለኝ። ወደ ግድግዳው እንዳየ ነው የሚናገረው፤ የምትታየው ያህል። “አረንጓዴ እናትሽ አትወድም ነበር።”